የአባት ጆሮና የልጅ ጆሮ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በዚህ ዓምድ የሚወጡትን የአንባቢያን ደብዳቤዎች ዘወትር ከሚከታተሉት ሰዎች አንዱ ነኝ። አብዛኛዎቹ ስለ ውሃ መጥፋት፥ ስለ አውቶቡስ ሰልፍና ስለ ኑሮ ውድነት የሚናገሩ ስለ ሆኑ፥ የእኔ ጉዳይ ከእነዚያ አጠገብ ሲቀመጥ የጥጋብ ነገር መስሎ እንደሚታይ ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ በቤቴ ውስጥ ለወራት ሰላም የነሣኝ ነገር በብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ቤትም እንዳለ ከቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ስንጫወት ስለ ተረዳሁ፥ ቢጻፍ አይከፋም ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ነገሩ ስለ ዘፈን ነው። ይኸውም አባት የወደደውን ዘፈን ልጁም እንድትወድ ማስገደድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱ ወንዶች ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ታናሺቱ ሴት ልጄ ግን የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ከእኛው ጋር ትኖራለች። ስሟ አይዳ ይባላል። ይህ በከተማችን የብዙ ሴቶች ስም ስለ ሆነ ማንንም አያስገርምም፤ እኔ ግን ያወጣሁላት በምክንያት ነው።

ልጄ ከመወለዷ ከአንድ ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቴ የመዝገብ አያያዝ እንድማር ለሦስት ወር ወደ ኢጣልያ ልኮኝ ነበር። ከአስተማሪዎቻችን አንዱ የነበሩት ሽማግሌ ሰው አንድ ቅዳሜ ማታ «የአገርህን ንጉሥ ልጅ ታሪክ በዜማ ላሳይህ» ብለው ቬሮና ወደምትባለው ከተማ ወሰዱኝ። በከተማይቱ መካከል ሮማውያን በመጀመሪያው መቶ ዓመት ያሠሩት፥ ጣራ የሌለው ሰፊ የድንጋይ መመልከቻ አለ። በዚያ ቦታ ቬርዲ የተባለው የዜማ ደራሲ የተወለደበት 100ኛ ዓመት በ1905 ዓ.ም. ሲከበር የቀረበው ኦፔራ «አይዳ» ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የቦታው ዋና ትርኢት ሆኖ ኖሯል።

ላላየው ሰው ኦፔራ ማለት ተዋንያኑ የሚናገሩትን ሁሉ በዜማ የሚናገሩበት ቴያትር ነው። ሲጣሉም ይዘፍናሉ፥ ሲታረቁም ይዘፍናሉ፥ ሊሞቱ ሲያጣጥሩም ይዘፍናሉ። እኔም መጀመሪያ ነገሩ አሳቀኝ። ቀን ፀሐይ ሲያግለው የዋለው ድንጋይ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም ነበር። ሲመሽ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ትንንሽ ሻማ አበራ፤ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ። ከዚያም መቶ የሚያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲዘምር፥ ድምፁ ያን ሁሉ ድንጋይ አልፎ እስከ ላይኛው ረድፍ ይደርስ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት። ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት የንጉሡ ልጅ አገልጋይ ሆናለች፤ ማንነቷን ግን ማንም አያውቅም። ራዳሜስ የተባለ የግብፅ መኰንን ይወዳታል፥ እርሷም ትወደዋለች። እርሱ ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ የሚዘምተው ጦር አዛዥ ሆኖ ይሾማል። ድል አድርጎ ሲመለስ ረጃጅም መለከት እየተነፋ ታላቅ ሰልፍ ይደረጋል፤ ከምርኮኞቹም መካከል አባቷ ተራ ወታደር መስሎ ይታያል። በኋላ አባትየው ልጁን ለብቻዋ አግኝቶ የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከወዳጇ እንድታወጣጣ ያዛታል። በመጨረሻም ራዳሜስ ምስጢር አውጥተሃል ተብሎ ከነሕይወቱ እንዲቀበር ሲፈረድበት አይዳ አስቀድማ ከመቃብሩ ገብታ ተደብቃ ትጠብቀዋለች፤ በዚያው አብረው ይሞታሉ።

ከአገሬ ርቄ ሳለሁ ያገሬ ስም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሲጠራ ሰምቼ እንባዬ መጣ። ንጉሣችንን ላባ አልብሰው ማቅረባቸው ደስ ባያሰኘኝም ይቅር አልኋቸው። ስመለስ ካሴቱን ገዝቼ መጣሁ፤ በዓመቱ ሴት ልጅ ስትወለድ ስሟን አይዳ አልኋት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ ያንን ዜማ መክፈት የቤታችን ሥርዓት ሆነ። ልጄ ሕፃን ሳለች በሰልፉ መለከት እየተንደረደረች ትጫወት ነበር። ሳድግም እንዲህ ትቀጥላለች ብዬ አሰብሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ልጅ ግን ያድጋል። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ቡናው ገና ሁለተኛ ሳይደርስ ትነሣ ጀመር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስትወጣ ደግሞ ሁለት ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና መቀመጥ አመጣች። አጠገባችን ተቀምጣለች፤ ነገር ግን የለችም። ቢጠሯት አትሰማም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፥ ጣቷ ጉልበቷን ይመታል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ሲፈታ፥ እንግዳ በተሰበሰበበት፥ ኦፔራውን ከፍ አድርጌ ብከፍተው «አባዬ፥ እባክህ ቀንሰው፤ ይህ እኮ ጩኸት ነው» አለችኝ።

ተቈጣሁ። በእንግዳ ፊት መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። «የአገርሽ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው፤ የስምሽም ምክንያት ነው። ይህን ጩኸት ካልሽ ያ አንቺ በጆሮሽ የምትጨምሪው ምኑ ዜማ ነው? ምኑንስ ኢትዮጵያዊት ሆንሽ?» አልኋት። ልጄ አልመለሰችልኝም። ማዳመጫዋን አንሥታ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ቡና ላይ አልተቀመጠችም። ሰላምታ አለ፥ ምግብም አብረን እንበላለን፤ ጨዋታ ግን ከቤታችን ወጣ። ሰባት እሑድ እንዲህ አለፈ። እኔም አባት ነኝና ቀድሜ መናገር እንደ ሽንፈት ሆኖ ታየኝ።

በስምንተኛው እሑድ ባለቤቴ ሲኒውን እያጠበች፥ ቀና ሳትል፥ «የአባትህን ሸክላ ረሳኸው?» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልጨመረችም።

አልረሳሁትም ነበር። በ1963 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ በጾም የበገና፥ በፍስክ የመሰንቆ ወዳጅ ናቸው። እኛ ልጆቻቸው «እርስዎ» እያልን እናከብራቸው ነበር እንጂ እንደ ዛሬ ልጆች «አንተ» አንላቸውም። ታላቅ ወንድሜ ሥራ ይዞ በመጀመሪያ ደመወዙ ሸክላ ማጫወቻና አንድ ሸክላ ገዝቶ መጣ። ሳክስፎንና ትራምፔት ሲጮኽ አባቴ ከውጭ ገቡና «ይህን የናስ ቀንድ ከቤቴ አውጣ! ያባትህን ዜማ በፈረንጅ ጥሩምባ ለወጥኸው?» አሉት። ወንድሜ «አባባ፥ አማርኛ እኮ ነው፤ ቃሉን ይስሙት» ብሎ ለመናቸው። አልሰሙትም። ሸክላውን አንሥተው በጉልበታቸው ሰበሩት።

ወንድሜ በዚያው ሳምንት ቤት ተከራይቶ ወጣ። በዓል ሲሆን ይመጣል፥ ጉልበት ይስማል፥ ይሄዳል። አባቴ ከሞቱ በኋላ ሣጥናቸውን ስንከፍት ከሰነዶቻቸው በታች ያ የተሰበረ ሸክላ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተገኘ። ለምን እንዳስቀመጡት ለማንም አልነገሩም። ወንድሜ ሁለቱን ቁራጭ ገጥሞ ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከልቅሶው ቀን ይልቅ በዚያ ቀን አለቀሰ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉልኝ። አባቴ የፈረንጅ ጥሩምባ ያሉት የሙዚቃ መሣሪያ ያን ጊዜም ቢሆን አዲስ መጥ አልነበረም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም አይተዋቸው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የናስ ሙዚቃ ሲጫወቱ፥ አባቴ ገና አልተወለዱም። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሲስ ናልባንዲያንም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር በምንለው ቤት የሀገራችንን ዜማ ከዚያ መሣሪያ ጋር እያስማማ ብዙ ደክሟል። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምኀ እሸቴ ያሳትማቸው የጀመሩት ሸክላዎች ደግሞ በ1990 ዓ.ም. ገደማ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፈረንሳይ አገር እንደገና ታትመው በዓለም ዙሪያ ተሰሙ። አባቴ ያፈሩበትን ድምፅ ዛሬ የውጭ አገር ሰው የኢትዮጵያ ድምፅ ይለዋል። እኔም ልጆቼን «የድሮ ዘፈን እንዲህ ነበር» እያልሁ የምመካበት ያንኑ የናስ ቀንድ ነው።

ከዚህም የባሰው፥ እኔ ልጄን «ምኑንስ ኢትዮጵያዊት ሆንሽ?» ብዬ የዘለፍኋት ኢጣልያዊ በደረሰው፥ በኢጣልያንኛ በሚዘፈን ኦፔራ ምክንያት መሆኑ ነው። ይህን ሳስብ ብቻዬን ሣቅሁ፤ ቀጥሎም አፈርሁ።

በዚያው ማታ የልጄን በር አንኳኳሁ። አባት ሆኖ ይቅርታ መጠየቅ ባልለመደ አፍ ያስቸግራል። «እሑድ የተናገርሁት ልክ አልነበረም» ብቻ አልኋት። እርሷም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ «እኔም ጩኸት ማለት አልነበረብኝም» አለች። ከዚያም «አባዬ፥ ስለ አይዳ ግን አንብቤያለሁ፤ ልንገርህ?» አለችኝ። ለካስ ያ ሰባት እሑድ ዝም ብላ የከረመችው የእኔን ነገር ስትመረምር ኖሯል።

የነገረችኝ ይህ ነው። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፅ ገዢ የነበረው ኬዲቭ እስማኤል ነው፤ ለቬርዲም 150,000 ፍራንክ ከፍሎታል። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ለስዊዝ ቦይ ምረቃ የተደረሰ አይደለም፤ ቦዩ የተከፈተው አስቀድሞ በ1862 ዓ.ም. ነው። ትርኢቱም የዘገየው የመድረኩ ዕቃና ልብሱ በፓሪስ ተሠርቶ ሳለ ከተማይቱ በጀርመን ጦር ስለ ተከበበች ነው። በካይሮ የታየው በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም.፥ ማለት በፈረንጅ አቈጣጠር ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ሲሆን፥ ቬርዲ ራሱ አልተገኘም። የታየበትም ቤት አብዛኛው እንጨት ነበርና በመቶ ዓመቱ፥ በጥቅምት 1964 ዓ.ም. ተቃጠለ።

«እሺ፥ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ቀጥለህ ስማ» አለችኝ። «ያ ኬዲቭ የኢትዮጵያን ንጉሥ በሰንሰለት ታስሮ በመድረክ ላይ ካየ ከአራት ዓመት በኋላ እውነተኛ ጦር ላከብን። በ1868 ዓ.ም. በኅዳር በጉንደት፥ በመጋቢት መግቢያ ደግሞ በጉራዕ የዐፄ ዮሐንስ ጦር ድል አደረገው። በኦፔራው የተሸነፍነው እኛ፥ በሜዳው ያሸነፍነው እኛ። አንተ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና እየጠጣን የሽንፈታችንን ሰልፍ በከፍተኛ ድምፅ ታሰማን ነበር።»

አንባቢ ሆይ፥ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ስገለብጥ የኖርሁ ሰው ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላገናዘብሁትም ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ለየብቻ ዐውቀዋለሁ፤ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ግን አላየሁትም። እርግጥ በኦፔራው ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ የፈርዖን ዘመን፥ ከግብፅ በስተ ደቡብ በዓባይ ዳር ያለች አገር ናት፤ ቬርዲም በኋላ የሚመጣውን ጦርነት ሊያውቅ አይችልም። ልጄም ይህን አልካደችም።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን የመጨረሻ ቃሏ ነው። «አባዬ፥ የዓባዩን ዳር ክፍል አስተውለኸዋል? አባቷ መንገዱን ጠይቀሽ አምጪ ሲላት እንቢ አለች። እርሱም ልጄ አይደለሽም፥ የፈርዖን ባሪያ ነሽ አላት። በአገር ስም አስጨነቃትና እሺ አሰኛት። አንተስ እሑድ ዕለት ምን አልኸኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ዜማ ስሰማ ራሴን እንደ ራዳሜስ ወይም እንደ ተመልካች አድርጌ እንጂ እንደ አሞናስሮ አስቤው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ ስምምነት አደረግን። እሑድ ቡና ላይ አንድ ዜማ የእርሷ፥ አንድ ዜማ የእኔ ይሰማል። ደንቡ ሁለት ነው፤ ዜማው እስኪያልቅ ማንም አይነሣም፥ ሳያልቅም ማንም አይፈርድም። ባለቤቴ ዳኛ ሆነች።

የመጀመሪያው የልጄ ነበር። አንድ ወጣት በከበሮ ምት ላይ ቃሉን እንደ ዝናብ ያወርደዋል። አማርኛ መሆኑን ዐወቅሁ፤ የሚለውን ግን አልያዝሁትም። «ምንም አልገባኝም» ብዬ ብናገር ባለቤቴ «ገና አላለቀም!» አለች። ሲያልቅ ልጄ ቃሉን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና መነጽሬን አድርጌ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አነበብሁት። ስለ ፍቅር ይሆናል ብዬ ነበር። ለካስ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ በየማስታወቂያው ሰሌዳ ስር ስለሚቆም፥ «የሥራ ልምድ» የሚለውን ቃል አንብቦ አንብቦ ስለሚመለስ፥ ማታ ደግሞ ለእናቱ «ደኅና ዋልሁ» ስለሚል ልጅ ነው።

ወረቀቱን አጥፌ ልጄን አየኋት። እርሷም በየቀኑ ማታ «ደኅና ዋልሁ» ነው የምትለን። እኔም ደኅና የዋለች መስሎኝ ስለ ዜማ ስነታረክ ከርሜያለሁ። ስንት ሰሌዳ ስር እንደ ቆመች፥ ስንት ቦታ እንደ ተመለሰች ያን ዕለት ነው የጠየቅኋት፤ ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። ያ ማዳመጫ ጆሮዋን የደፈነው እኔን ላለመስማት ነበር ስል፥ ለካስ የሚሰማትን አጥታ ስለ እርሷ የሚናገርላትን ትሰማ ኖሯል።

ተራው የእኔ ሲሆን እንደ ልማዴ የመለከቱን ሰልፍ ልከፍት እጄን ሰደድሁና ተውሁት። በምትኩ የመጨረሻውን የመቃብሩን ክፍል ከፈትሁ። መለከት የለውም፥ ጩኸት የለውም፤ ሁለት ሰዎች በዝቅተኛ ድምፅ ከዚህ ዓለም ይሰናበታሉ፤ ዜማውም እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል። ልጄ ሲኒውን በእጇ እንደ ያዘች እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ «ይኸኛው ይሁን» አለች። «ሰልፉ ግን ይቅርብን።»

እውነቱን ልናገርና፥ ልጄ ኦፔራ ወዳጅ አልሆነችም፤ እኔም የከበሮውን ዘፈን ወዳጅ አልሆንሁም። አሁንም አንዳንድ እሑድ የምታሰማኝ ነገር ራሴን ያመኛል። ሥራም ገና አላገኘችም። ሆኖም ማዳመጫዋ ቡና ላይ ከጠረጴዛው ነው የሚቀመጠው፤ ማታም ስትገባ «ደኅና ዋልሁ» ከማለቷ በፊት ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ባለፈው ወር ወንድሜን ቡና ጠርተነው ነበር። በሰባ ስድስት ዓመቱ ተራ ተሰጥቶት ያንን የተሰበረውን ሸክላ ዘፈን ከልጄ ስልክ ላይ አስከፈተ። አባታችን ያልሰሙትን ቃል እኔም በዚያ ቀን ገና በሙሉ ሰማሁት። ስለ አባት ናፍቆት የተዘፈነ ነበር።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፥ የዚህ ዘመን ዘፈን ሁሉ መልካም ነው አላልሁም። ባዶ የሆነ አለ፥ ብልግናም አለ፤ በአባቴም ዘመን በእኔም ዘመን ነበረ። የወላጅ ፈንታ መምከር መሆኑም አይካድም። ነገር ግን መክሮ ለማቅናት አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል፤ ያልሰሙትን መፍረድ ፋይሉን ሳይከፍቱ ውሳኔ እንደ መጻፍ ነውና፥ ይህን እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ስለዚህ በቤቱ ማዳመጫ የሚያስጨንቀው ወላጅ ቢኖር፥ ከመቈጣቱ በፊት «እስቲ የምትሰሚውን አሰሚኝ» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቅ። ዜማው ባይጥመው እንኳ ልጁ እንዴት እንደ ዋለች ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር፥
አንድ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ
ከአዲስ አበባ